ሞንታርቦውን ወዴት እናዙረው?

ባሕር ዳር ውስጥ ሞንታርቦ አከራያለሁ። ሰርግ፣ ልደት፣ ምርቃት፣ የእድር ዓመታዊ ስብሰባ፣ የትምህርት ቤት በዓል፣ ድምፅ የሚፈልግ ድግስ ሁሉ ላይ አለሁ። ታናሽ እህቴ ደግሞ ኦቲዝም አለባት፤ ከልጅነት ጀምሮ አእምሮ የሚያድግበት መንገድ ከብዙው ሰው የሚለይበት፣ ንግግርን፣ ከሰው መግባባትንና የስሜት ሕዋሳትን የሚነካ ሁኔታ ነው። ሃያዎቹን ጀምራለች። የምታወራው ጥቂት ነው፤ የምትሰማው ግን ብዙ ነው። ሌላ ክፍል ያለው ፍሪጅ ሲነሳና ሲያቆም ሳይቀር ታውቃለች። ሥራዬና እህቴ አንድ ቤት ስላሉ፣ ድግስ ላይ ምን ቢስተካከል ኦቲዝም ያለበት ሰው ደስ ብሎት ሊቀመጥ እንደሚችል ስሞክር ኖሬያለሁ። የሠራልንን ነው የምጽፈው። ድግስ ለሚደግሱ፣ እድር ለሚመሩ፣ ዲጄ ለሚሠሩ፣ እንደኛ ዓይነት ቤተሰብ ላላቸውም።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልበል። እህቴ ድግስ ትወዳለች። ብዙ ሰው ይህን አያምንም። «ለራሷም ቤት ብትሆን ይሻላታል» ይላሉ፤ ክፉ አስበው አይደለም። እሷ ግን ሰርግ እንዳለ ከሰማች ቀሚሷን ከቁም ሳጥን አውጥታ አልጋዋ ላይ ትዘረጋለች። የሚዜዎቹን ልብስ ማየት ደስ ይላታል። እስክስታ ሲመታ ትከሻዋ አብሮ ይንቀሳቀሳል። ከድግስ የሚያባርራት የሰው ብዛት ብቻ አይደለም። ሳይታሰብ የሚመጣ ድምፅ፣ የሚያጥበረብር መብራት፣ ሳይጠይቅ የሚነካ እጅ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ መውጫ ማጣት ነው። እነዚህን የምናመጣቸው እኛ ደጋሾቹ ነን። ስለዚህ ማስተካከልም በእጃችን ነው።

የአብዛኞቻችን አእምሮ የሚሰማውንና የሚያየውን ሳንጠይቀው ያጣራልናል። ድንኳን ውስጥ ጎናችን ካለው ሰው ጋር ስንጫወት የጄነሬተሩን ጩኸት፣ የብርጭቆውን ኳኳታ፣ የወጡን ሽታ ወደ ኋላ ይተወዋል። ኦቲዝም ያለባቸው ብዙ ሰዎች ላይ ግን ማጣራቱ እንዲህ አይሠራም። ሁሉም እኩል ሆኖ በአንድ ጊዜ ይገባል። አንዳንዱ ድምፅ ጭራሽ ያማል። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው የምርመራ መመሪያ ይህ የስሜት ሕዋሳት ጉዳይ ከኦቲዝም መለያዎች አንዱ ሆኖ ተካቷል። ጆሮዋን ይዛ ጥግ የቆመች ልጅ ስታዩ «ቅብጠት ነው» የምትሉ ካላችሁ፣ አይደለም።

ተቃራኒውም አለ። ሰፈራችን ውስጥ ያለ አንድ ልጅ ባስ ሳጥኑን አቅፎ መቆም ነው የሚፈልገው። ንዝረቱ ደረቱ ላይ ሲሰማው ይረጋጋል። እህቴ ከዚያው ሳጥን ትሸሻለች። ሁለቱም ኦቲዝም አለባቸው። ለዚህ ነው ምንም ከማድረጋችሁ በፊት ሰውየውን ወይም ቤተሰቡን ጠይቁ የምለው። «ምን ያስቸግረዋል? ምን ያስደስተዋል?» ሁለቱ ጥያቄዎች ይበቃሉ።

ወደ ድምፁ እንግባ፤ እዚህ ላይ ብዙ የምለው አለኝ።

የተለመደው አሠራር ሁለት ትልልቅ ሞንታርቦ ድንኳኑ አንድ ጫፍ ላይ አቁሞ ወደ እንግዳው ማዞር ነው። ፊት የተቀመጠው ጆሮው ይደነቁራል። ኋላ ያለው አይሰማም። ኋላ ያለው እንዲሰማ ይጨመራል፤ ፊት ያለው የባሰ ይደነቁራል። እኔ የምመርጠው ትንንሽ ስፒከሮችን በማቆሚያ ከፍ አድርጎ በድንኳኑ ዙሪያ ማከፋፈል ነው። እያንዳንዱ ዝቅ ብሎ ይናገራል፣ ሁሉም ሰው ይሰማል። ባስ የግድ ካስፈለገ ወደ መጨፈሪያው ብቻ ይዞራል። ጠረጴዛና ሕፃን ያለበት ጎን አይዞርም።

ርቀት ትልቅ መድኃኒት ነው። ገላጣ ቦታ ላይ ከስፒከሩ ያላችሁ ርቀት እጥፍ ሲሆን ድምፁ በ6 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ ነው) ገደማ ይቀንሳል። 3 ሜትር ላይ የነበረ ጠረጴዛ 12 ሜትር ላይ ቢወሰድ 12 ዴሲቤል ያህል ተቀነሰ ማለት ነው። 10 ዴሲቤል ሲቀንስ ለጆሮ ግማሽ ያህል ሆኖ ይሰማል። እንግዲህ ምንም ሳትገዙ፣ ዲጄውንም ሳታስቀይሙ፣ ጠረጴዛ በማንቀሳቀስ ብቻ ግማሹን ሸክም አነሳችሁ። ድንኳን ደግሞ ጨርቅ ስለሆነ ድምፁን ያን ያህል አይመልሰውም። ባዶ ግድግዳና ቆርቆሮ ጣሪያ ያለው አዳራሽ ግን ድምፁን እየመለሰ ያንጫርረዋል። አዳራሽ ግድ ከሆነ መጋረጃ፣ ምንጣፍ፣ ጋቢ፣ ጨርቅ ነገር ሁሉ ግድግዳው ላይም መሬቱም ላይ ይርዳችሁ።

ስልካችሁ ላይ ድምፅ የሚለካ ነፃ አፕ ጫኑ። እንደ ባለሙያ መሣሪያ ልክ አይሆንም፤ አንዱን ጥግ ከሌላው ለማወዳደር ግን ይበቃል። ሰው በወጉ ሲጫወት 60 ዴሲቤል አካባቢ ነው። 85 ላይ ስምንት ሰዓት የሚሠራ ሠራተኛ ጆሮ መከላከያ ማድረግ አለበት ይባላል። እኔ ጠረጴዛዎቹ ጋ ከ75 እንዳያልፍ ነው የምጥረው። ሁለት ሰው ሳይጮህ መደማመጥ ከቻለ ጥሩ ነው። ይህን የጀመርኩት ለእህቴ ብዬ ነው። አሁን ግን አዛውንቶቹ ናቸው ጠርተው የሚመርቁኝ።

ከጩኸቱ የባሰው ግን ድንገተኛነቱ ነው። እህቴ ከፍ ያለ ሙዚቃ ቀስ ብሎ ከመጣ ትችለዋለች። ማይክ ድንገት ሲያፏጭ ግን ቀኑን ሙሉ ትፈራለች፤ መቼ እንደሚደገም አታውቅማ። ስለዚህ ማይክ የያዘ ሰው ከስፒከሩ ፊት ለፊት እንዳይቆም እነግራለሁ። ሙከራውም እንግዳ ሳይገባ ያልቃል። «ሄሎ፣ ሄሎ፣ አንድ ሁለት» እንግዳ ፊት አይባልም።

መብራት ሲጠፋና ሲመጣ ያለውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ጨለማ፣ ጸጥታ፣ ከዚያ የሰው ሁካታ፣ ከዚያ ጄነሬተሩ ይነሳል፣ ከዚያ ሙዚቃው ካቆመበት በሙሉ ኃይሉ ይፈነዳል። ጤነኛ ጆሮ ያለውም ይደነግጣል። የኔ ደንብ ቀላል ነው። መብራት እንደጠፋ የሚክሰሩን፣ ማለትም የድምፅ መቆጣጠሪያውን፣ ዋና ድምፅ ዜሮ አደርጋለሁ። ሲመጣ መጀመሪያ መሣሪያው ይበራል፣ ከዚያ ድምፁ ቀስ እያለ ይወጣል። አንድ ደቂቃ ቢፈጅ ነው። ጄነሬተሩም ከድንኳኑ ራቅ ብሎ፣ ቢቻል ከግንብ ጀርባ ይቀመጣል። በባትሪ የሚሠራ አንድ መብራት ደግሞ አስቀድሞ በርቶ ይቆያል፤ መብራት ሲሄድ ድቅድቅ ጨለማ እንዳይሆን።

መብራት ካነሳን፣ የሚያብለጨልጨው የዲስኮ መብራት ቢቀር ደስ ይለኛል። ኦቲዝም ካለባቸው ሰዎች መካከል የሚጥል በሽታ ያለባቸው ከሌላው ሕዝብ ይልቅ ብዙ ናቸው፤ ቶሎ ቶሎ የሚብለጨለጭ መብራት ደግሞ አንዳንዶቹ ላይ ሕመሙን ሊቀሰቅስ ይችላል። የድሮው ረጅም ፍሎረሰንት አምፖልም በሰከንድ 100 ጊዜ ይርገበገባል። እኛ አናየውም፤ የሚረብሸው ሰው ግን አለ። ቪዲዮ የሚቀርጹትን ደግሞ «ያንን ትልቅ መብራት እሷ ላይ እንዳታዞሩ» ብሎ አስቀድሞ መንገር ነው። እሺ ይላሉ። እስካሁን እምቢ ያለኝ የለም።

አሁን ወደ አክስታችን ልጅ ሰርግ ልውሰዳችሁ፤ ብዙውን ነገር የተማርነው እዚያ ነው። አክስቴን ሄጄ አማከርኳት። «እሷን ትተን የምን ሰርግ!» አለችኝ። ከዚያ በኋላ የጠየቅኋትን ሁሉ ፈቀደች።

ድንኳኑ የተተከለ ዕለት እህቴን ይዣት ሄድኩ። ሰው የለም፤ ልጆች ወንበር ይደረድራሉ። ዞር ዞር ብላ አየች። ምሰሶውን ነካች። የቄጠማውን ቦታ፣ የሙሽሮቹን ወንበር፣ የኔን ሚክሰር አየች። ከዚያ መውጫው አጠገብ አንድ ወንበር መርጣ ተቀመጠች። በቃ፣ የሷ ወንበር ሆነ። በማግስቱም ማንም እንዳይቀመጥበት ነጠላዋን አንጥፈን ጠበቅንላት።

ስልኳ ላይ ደግሞ ፎቶዎችን በተራ አስቀመጥኩላት። ድንኳኑ፣ ምግቡ፣ የሙሽሮች መኪና፣ ጭፈራው፣ ማረፊያ ክፍሉ፣ ባጃጅ፣ ቤታችን። ሙሽሮቹ ስላልመጡ ለነሱ የሌላ ሰርግ ፎቶ ተጠቀምን። አንዱ ነገር ሲያልቅ ወደ ቀጣዩ ትወስደዋለች። ቀጥሎ ምን እንዳለና በመጨረሻ ቤት እንዳለ ታውቃለች። ማንበብ የሚችል ሰው ካላችሁ በወረቀት ጻፉለት። ሰዓት ግን አትጻፉ፤ የሰርግ ሰዓት አይታመንምና። «ከምግብ በኋላ»፣ «ከምርቃቱ በኋላ» እያላችሁ ቅደም ተከተሉን ብቻ ስጡት።

ማረፊያ ክፍሉ የጎረቤት ሳሎን ነበር። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ከሁሉ የሚበልጠው ይህ ስለሆነ። ብዙ ቦታ «ማረፊያ አዘጋጅተናል» ይሉና ኩሽናው አጠገብ ያለ ክፍል ያሳያሉ። ቁሌት ሲጠበስ፣ በርበሬ ሲሸት፣ ሰሃን ሲንኳኳ ምን ማረፊያ አለው! ወይም ካፖርትና ስጦታ የሚቀመጥበት ክፍል ይሆናል፤ በየደቂቃው ሰው ይገባል። ጥሩው ክፍል ከሞንታርቦው ጀርባ ያለው ነው፤ ድምፁ በዚያ በኩል ያንሳል፣ ባሱ ብቻ ነው የሚከተለው። መጋረጃው ይዘጋል። ቴሌቪዥን አይከፈትም። ዕጣን አይጨስም። ፍራሽ ወይም ምንጣፍ፣ ውሃ፣ ሰውየው የሚወደው ዕቃ ይበቃዋል። እዚያ ገብቶ «ምን ሆነሽ ነው? አመመሽ እንዴ?» የሚል ሰው እንዳይኖር በር ላይ አንድ የሚያውቃት ዘመድ ይቀመጥ።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። ክፍሉ የቅጣት ቦታ መምሰል የለበትም። «ካልተረጋጋሽ እዚያ አስገባሻለሁ» ከተባለ አለቀ። እህቴ ራሷ ናት የምትገባው፣ ራሷ ናት የምትወጣው። የሙሽሮቹ አጀብ ክላክሱን እያንባረቀ ሲመጣ ገባች፤ ፎቶው ላይ አይታው ስለነበር ቀድማ ተነሳች። ጭፈራው ሲሞቅ ተመለሰች። ደግሞ ወጣች፣ ደግሞ መጣች። ከዚያ በፊት በሄድንባቸው ሰርጎች መውጫ ስላልነበራት ገና ምግብ ሳይቀርብ ወደ ቤት እንመለስ ነበር። ይህን ሰርግ ግን እስከ ምርቃቱ ድረስ ቆየች። መውጣት የቻለ ሰው ይቆያል። ከዚህ ሁሉ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ውሰዱ ብባል ይህን ነው የምሰጣችሁ።

ሰላምታ ሌላው ጉዳይ ነው። ጉንጭ ለጉንጭ መሳሳም፣ ትከሻ መጋጨት፣ ማቀፍ ለኛ ፍቅር ነው። ለእህቴ ግን ያልጠበቀችው ሽቶ፣ ያልጠበቀችው ቆዳ፣ ያልጠበቀችው ድምፅ አንድ ላይ ጆሮዋ ሥር ይመጣባታል። ትልልቅ ሰዎችን መከልከል ደግሞ ነውር ይመስላል። እኛ አንድ ዘዴ አበጅተናል። እህቴ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ዝቅ ትላለች። እኔ ደግሞ ቀደም ብዬ «እማማ፣ መሳም ትፈራለችና ከዚሁ ሰላም ትበልዎት» እላለሁ። አንዲት የእናቴ ጓደኛ «ታዲያ ይሄማ የድሮ ጨዋ ሰላምታ ነው!» ብለው እጅ ነስተው መለሱላት። እህቴ ከዚያ ወዲህ እሳቸውን ስታይ ራሷ ናት ቀድማ ዝቅ የምትል።

ጉርሻም እንዲሁ። ሳትጠይቁ አታጉርሱ። እምቢ ካለ ሦስቴ አትለምኑ፤ እምቢታው ንቀት አይደለም። ብዙ ኦቲዝም ያለባቸው ሰዎች ምግብ ይመርጣሉ፤ የሚቸግራቸው ጣዕሙ ብቻ ሳይሆን ልስላሴው፣ ሽታው፣ መልኩም ነው። እህቴ ወጥ የነካው እንጀራ አትበላም። ደረቅ እንጀራ ለብቻ፣ ወጥ በጎድጓዳ ሰሃን ለብቻ ሲሰጣት ትበላለች። አስተናጋጆቹ ይህን ካወቁ ችግር የለም። ከቤት የያዝነው ምሳ ዕቃም አለ። «የሰው ድግስ ላይ ምሳ ዕቃ?» የሚል ካለ ይበል።

ልብሱ ላይ ብዙ አልልም። የሐበሻ ቀሚስ ጥልፍ ከውስጥ በኩል ይኮሰኩሳል፤ ከስር ለስላሳ የጥጥ ካኔተራ ይለበስ። አዲስ ልብስ ቀድሞ ይታጠብ። ኮሌታ ላይ ያለው የፋብሪካ ምልክት ተቆርጦ ይውጣ።

ጆሮ መሸፈኛ ብዙ ይረዳል። ከውጭ እስኪመጣ መጠበቅ የለባችሁም። በግንባታና በፋብሪካ ያሉ ሠራተኞች የሚያደርጉት፣ ጆሮን ሙሉ የሚሸፍነው ዓይነት የሠራተኛ ደኅንነት ዕቃ የሚሸጡ ሱቆች ውስጥ ይገኛል። በልክ ከተቀመጠ 20 ዴሲቤልና ከዚያ በላይ ይቀንሳል። ጆሮ ውስጥ ጥጥ መወተፍ ግን እምብዛም አይጠቅምም። መሸፈኛውን ድግሱ ቀን መጀመሪያ ጊዜ አታድርጉለት፤ ቤት ውስጥ ቡና ሲወቀጥ፣ ወፍጮ ቤት ስትሄዱ እያለማመዳችሁት ይቆይ። ሁልጊዜም እንዳያደርገው፤ ጸጥ ባለ ቦታ ይውለቅ።

ሐይቁ ዳር የሚደገስ ድግስ የራሱ ጣጣ አለው። እድራችን አንድ ጊዜ ለልጆች የጨዋታ ቀን ጣና ዳር አዘጋጅቶ ነበር። የእድሩ ሊቀ መንበር ሐሳቤን ሲሰሙ መጀመሪያ ከበዳቸው። «ልጄ፣ ሙዚቃ ከሌለ ምኑን በዓል ሆነ?» አሉኝ። «ጋሼ፣ ሙዚቃው አይቀርም። የመጀመሪያዋን ሰዓት ብቻ ዝቅ እናድርግ። ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች ቀድመው ይምጡ፣ ቦታውን ይልመዱ፣ ከዚያ ቀስ እያልን እንጨምራለን» አልኳቸው። የዓለም ጤና ድርጅት ከ127 ሰዎች አንዱ ኦቲዝም እንዳለበት እንደሚገምትም ነገርኳቸው። የእድሩን አባላትና ልጆቻቸውን በልባቸው ሲቆጥሩ አየሁ። «እንግዲያው የት ናቸው? አይቻቸው አላውቅም» አሉ። ቤት ውስጥ ናቸው፤ እንደዚህ ዓይነቱ ቀን ስለሌላቸው። ሐሳቡን ተቀበሉት። ያን ቀን ከዚህ በፊት ከደጃፋቸው ወጥተው ያላየናቸው ልጆች መጡ። አንዷ እናት ልጇን ይዛ ዳር ላይ ቆማ ታለቅስ ነበር። ልጇ ኳስ እየተቀበለ ነበር።

ነፋሱን አስቡት። ቀን ላይ ነፋሱ ከሐይቁ ወደ ከተማው ነው የሚነፍሰው፤ ድምፅንም ሽታንም ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ ሞንታርቦውና ምግቡ ወደ ከተማው በኩል፣ ማረፊያው ደግሞ ወደ ሐይቁ በኩል ቢሆን ጸጥታው ይሻላል። ግን እዚህ ላይ በጣም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ኦቲዝም ያለባቸው ብዙ ልጆች ውሃ ይስባቸዋል። ሲጨናነቁ ደግሞ ሳይናገሩ ተነስተው የሚሄዱ አሉ። የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2017 ባሳተሙት ጥናት አሜሪካ ውስጥ ኦቲዝም ያለባቸው እስከ 14 ዓመት ያሉ ልጆች በመስጠም የመሞት አደጋቸው ከሌሎች ልጆች 160 እጥፍ እንደሚደርስ አግኝተዋል። ይህን ካነበብኩ ጀምሮ ጣና ዳር ስሠራ መጀመሪያ የማየው ስፒከር ማስቀመጫውን ሳይሆን ወደ ውሃው የሚወስደውን ቀዳዳ ሁሉ ነው።

እኛ ያደረግነው ማረፊያ ድንኳኑን በግቢው አጥር ውስጥ መትከልና በሩን ከውሃው በተቃራኒ ማዞር ነው። በውሃው በኩል ሁለት ሁለት ሆነው የሚቆሙ ዋና የሚችሉ ጎረምሶች ተመደቡ፤ በየጊዜው ይቀያየራሉ፤ ስልክ አይነኩም። «ሁሉም ያያል» ማለት ማንም አያይም ማለት ነው፤ በስም ይመደብ። ልጅ ከጠፋ መጀመሪያ የሚፈለገው ውሃው ዳር ነው፤ ሌላው ቦታ ከዚያ በኋላ። ይህ እንዲታወቅ ለአስተናጋጆቹ ሁሉ ተነገረ። ለልጆቹ እጅ ላይ የወላጅ ስልክ ቁጥር የተጻፈበት ጨርቅ አሰርን።

ጥምቀት ከሁሉም ትልቁ ነው። ለባሕር ዳር ልጅ ጥምቀት ቀረብህ ማለት ከባድ ነው፤ እህቴም እንደዚያው። ጥር 10 ከሰዓት ታቦታቱ ሲወርዱ የሚኖረው ሕዝብ፣ ከበሮ፣ እልልታ፣ ዕጣን ሊቀነስ አይችልም፣ መቀነስም የለበትም። ስለዚህ እኛ ነን ቦታችንን የምንመርጠው። መንገዱ ገና ባዶ ሳለ እንወጣለን፤ ሕዝቡ በዙሪያችን ቀስ እያለ ይሞላል እንጂ እኛ ወደ ሞላ ሕዝብ አንገባም። የምንቆመው ከጀርባችን ወደ ውስጥ የሚያስገባ መንገድ ባለበት ጥግ ነው። መሸፈኛዋ አንገቷ ላይ ነው። ታቦቱ ሲያልፍ እልል ትላለች፤ እሷ የምታወጣው ድምፅ አይረብሻትም። ጥር 11 ጠዋት ጠበሉ ሲረጭ ግን ጠጋ አንልም። ድንገት የሚመጣ ቀዝቃዛ ውሃ አትችልም። ሰው ሲቀንስ በእጄ ዘግኜ አሳያታለሁ፤ ራሷ ትነካውና ግንባሯ ላይ ታደርገዋለች።

ለቅሶ ላይም ሄደን እናውቃለን። ሙሾው ከባድ ነው። ቀብሩን ትተን በማግስቱ ሰው ሲቀንስ ሄዳ ትቀመጣለች። ለቀስተኞቹ ደርሳለች ብለው ይቆጥሩላታል።

ሁሉም ተዘጋጅቶ እንኳ ከአቅም በላይ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ምልክቱ ቀድሞ ይመጣል። እህቴ ማጉረምረም ትጀምራለች፣ ጣቶቿን ቶሎ ቶሎ ታርገበግባለች፣ አንዱን ጥያቄ ትደጋግማለች። እጅ ማርገብገቡን አታስቁሟት፤ ራሷን የምታረጋጋበት ነው። ያኔ ወደ ክፍሉ መሄድ ነው እንጂ «ትንሽ ታገሺ፣ ኬክ ሊቆረስ ነው» አይባልም። ከአቅሟ ካለፈ በኋላ ብትጮህ ወይም መሬት ብትቀመጥ፣ ከበብ ማለት ያባብሰዋል። ይዛችሁ አትጎትቱ። አታስረዱ፣ አትቆጡ፤ ቃል ባነሰ ቁጥር ይሻላል። ሙዚቃውን ቀስ አድርጎ መቀነስ፣ ሰዉን ማራቅ፣ የሚጎዳትን ዕቃ ማንሳት፣ የምታውቀው አንድ ሰው ራቅ ብሎ መቀመጥ። «መንፈስ ነው፣ ጠበል እርጩባት» የሚሉ ይኖራሉ። በፍቅር እንደሚሉ አውቃለሁ። በዚያች ሰዓት ግን ፊቷ ላይ የሚረጭ ውሃ ሌላ ድንጋጤ ነው። ቪዲዮ የሚያነሳ ካለ ስልኩን ያስቀምጥ፤ እዚህ ላይ አልታገስም።

እናቴ ኦቲዝም የሚባል ነገር መኖሩን መጀመሪያ የሰማችው ከወይዘሮ ዘሚ የኑስ ነው። እሳቸው እ.ኤ.አ. በ2002 አዲስ አበባ ላይ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን የከፈቱ፣ ራሳቸውም ኦቲዝም ያለበት ልጅ እናት የሆኑ ሴት ነበሩ። ስለ ልጃቸው በአደባባይ ሲናገሩ ሰምታ ነው እናቴ እህቴን ከጓዳ ያወጣቻት። በየዓመቱ መጋቢት 24 የዓለም የኦቲዝም ቀን ሲመጣ ስማቸውን ታነሳለች። በዚያ ቀን የሚዘጋጁ ስብሰባዎች ላይ ግን አንድ ነገር አስቸግሮኛል። ስለ ኦቲዝም ለመናገር ተብሎ ትልቅ ሞንታርቦ ተከራይቶ፣ ጭብጨባው አዳራሹን እያናጋ፣ ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች ውጭ ደረጃ ላይ ሲጠብቁ አይቻለሁ። ቢያንስ ያን ቀን ጭብጨባው ቀርቶ እጅ በማውለብለብ ይሁን።

ድምፅ ስትከራዩ ሰውየውን እንዲህ ጠይቁት። ስፒከሮቹን ማከፋፈል ትችላለህ? ሙከራውን እንግዳ ሳይመጣ ትጨርሳለህ? መብራት ሲመለስ ከዜሮ ትጀምራለህ? ርችትና ጥሩምባ ካለ ቀድመህ ትነግረናለህ? ጨዋ ባለሙያ አይከፋውም። ዋጋም አይጨምርባችሁም። ለመድረክ መሪውም «አሁን እልልታ ሊመጣ ነው»፣ «አሁን ሙሽሮች ሊገቡ ነው» እያለ እንዲናገር ንገሩት። «እዚህ ኦቲዝም ያለባት ልጅ አለችና ቀንሱ» ብሎ በማይክ እንዳይናገር ግን አደራ። ማንም ሰው ሕመሙ ወይም ጠባዩ በማይክ እንዲነገርለት አይፈልግም።

መመለሻውም ከመሄጃው እኩል ይታሰብበት። የምናውቀውን ባለ ባጃጅ ቀድመን እናናግራለን፤ ሙዚቃ አይከፍትም፣ ክላክስ አያበዛም፣ በጓሮ በኩል ይጠብቀናል። ስንወጣ ሁሉንም ዞረን አንሰናበትም፤ እኔ ብቻ ነኝ ተመልሼ የምሰናበተው። በማግስቱ ምንም ፕሮግራም አንይዝም። እህቴ መጋረጃዋን ዘግታ ትውላለች፣ ብዙም አትበላም፣ ማንም አያናግራትም። ይህን ድግሱ አልተስማማትም ብላችሁ እንዳትተረጉሙት። አመሻሽ ላይ ስልኳን አውጥታ የሚዜዎቹን ፎቶ ታሳየኛለች፤ ቀጣዩ ሰርግ መቼ እንደሆነ መጠየቋ ነው።